የምስክሮቹ ተራ

ቀለበቱ የመታጠቢያ ቤቱ ሳሙና ማስቀመጫ ላይ፣ ከሟሟ ሳሙና አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እህቷ ከውጭ ሆና በሩን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና «ዓይኔ፣ ቀለበቴን እዚያ ትቼው ወጥቻለሁ፤ ስትጨርሺ ይዘሽልኝ ነይ» አለቻት። ቤተሰቡም የአልማዝ መደብሩም የሚጠራት በዚህ ስም ነው። ያወጣላት የእህቷ ባል ነው፤ ለደንበኞቹ «የመደብሬ ዓይን እሷ ናት» ሲል ሲል ቃሉ አጠረና ስም ሆነባት። ቀለበቱን ለእህቷ ከሰጣት ስምንት ወር ሆኖታል። እስካሁን ከጠረጴዛ ማዶ ሆና፣ እህቷ ሳህን ስታነሳ ብልጭ ሲል ከማየት በቀር በእጇ ይዛው አታውቅም። ሌላው ሰው የቤቱን ቁልፍ አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥል እሷ የምታንጠለጥለው ማጉያዋን ነው፤ እጇም ከሐሳቧ ይቀድማል። ቀለበቱን በሸሚዟ ጫፍ አደረቀችው፣ እፍ አለችበት፣ ከመስታወቱ በላይ ወዳለው አምፖል አነሳችውና አየች።

ከድንጋዩ ጠርዝ አጠገብ የዓሣ አጥንት የመሰለች ቀጭን ስንጥቅ አለች። ከስንጥቋ በስተግራ ሁለት ነጥቦች አሉ፣ አንዷ ከሌላዋ ትንሽ ከፍ ያለች። ይህን ፊት ታውቀዋለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ መደብሩ ውስጥ ሥራ በጀመረች ሳምንት፣ በቀይ እስክሪብቶ ደብተሯ ላይ ሥላዋለች። ሁለት አልማዞች በክብደት ሊገጥሙ ይችላሉ፣ በንጣትም ሊገጥሙ ይችላሉ፤ በጉድፋቸው ግን አይገጥሙም። ቀለበቱን ገለባብጣ እንደገና አየችው፤ ያው ነው።

«ምነው ቆየሽ? ውኃው ሄደ እንዴ?» አለች እህቷ።

በሩን ገርበብ አድርጋ በክፍተቱ አቀበለቻት። እህቷ ቀለበቱን ተቀብላ የጣቷ አንጓ ላይ ትንሽ ታገለችውና አለፈላት። ቁርስ ላይ የእህቷ ባል ስልኩን እያየ ዳቦው እንዲቀርብለት በእጁ ጠቆመና «ዛሬ ያ የመሬት ቀያሽ ይመጣል። አራተኛ ጊዜው ነው። ድንጋይ ሊገዛ ይሁን ሊመረቅ እኔ እንጃ» ብሎ ልጆቹን አሳቃቸው። ለእሷም «የጠየቀሽን ሁሉ አስረጂው፤ ብቻ ዛሬ ይግዛ» አላት። «እሺ ጋሼ» አለች። ከኩሽናው ጀርባ፣ ድሮ ዕቃ ቤት በነበረው ክፍሏ ገብታ ግራጫ የሥራ ሸሚዟን ለበሰች። ክፍሉ ከአልጋዋና ከአንዲት ወንበር ሌላ አይችልም። ዘጠኝ ዓመት ኖራበታለች። የሙያ ትምህርቷን የከፈለላት እሱ ነው፤ ተመልሳ ስትመጣ ክፍሉን ለጊዜው ብሎ የሰጣትም እሱ ነው።

የምትሠራበት ክፍል በመደብሩ ጀርባ ነው። መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ግራጫ ነው፣ ጠረጴዛውም ግራጫ ነው፤ የግድግዳ ቀለም ድንጋዩ ላይ እየተንጸባረቀ ዓይንን ያታልላልና። የብረቱ በር ከውስጥ እጀታ የለውም፤ የሚከፈተው ከፊት ያለችው ሻጭ ቁልፉን ስትጫንላት ነው። ለደኅንነት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ጌጥ አንድ ብቻ ነው፦ ስሟና ፎቶዋ ያለበት የደረጃ መዳቢነት ፈቃዷ። መደብሩ የሚያወጣው የደረጃ ወረቀት ሁሉ የሚፈረመው በዚያ ስም ነው።

መብራቷን አብርታ ሳጥኑን ከፈተች። የእርሳስ መያዣ የምታህል ሳጥን ናት፤ በውስጧ በአንድ ረድፍ አምስት ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ በየቦታው ምስር የምታክል አልማዝ። መደብሩ ውስጥ «ምስክሮቹ» ይሏቸዋል። አንደኛው ምንም ቀለም የሌለው ነው፤ ሁለተኛው ለሰው ዓይን ከአንደኛው አይለይም፤ አምስተኛው ጋ ሲደረስ ድንጋዩ ቀጭን ሻይ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል። የአልማዝን ንጣት የሚለካ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ዓይን ቀለምን አያስታውስምና። ጠዋት ሙሉ ቢጫ ድንጋይ ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ የመጣውን ሁሉ ነጭ ይላል። ስለዚህ ደረጃው የማይታወቀው ድንጋይ በታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ በአፍጢሙ ይደፋል፣ ምስክሮቹ ተራ በተራ ከጎኑ ይቀመጣሉ፣ ከማን ጋር እንደሚመሳሰል ከጎን ይታያል። ምስክር ራሱ ግን አይመረመርም። ሚዛን የሚመዝን ሰው የሚዛኑን ድንጋይ በየቀኑ እንደማይመዝነው ነው።

ደብተሯን አወጣችና አንደኛው ቦታ ላይ ያለውን በወረንጦ አነሳች። የዓሣ አጥንት የለበትም። በምትኩ መሐሉ ላይ ላባ የመሰለ ጭጋግ አለ፤ በደብተሩ መሠረት ይህ ሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ቦታ ላይ ያለው ሦስተኛው ነው። በሦስተኛው ቦታ አራተኛው፣ በአራተኛው ቦታ አምስተኛው። አምስተኛው ቦታ ላይ ያለው እሷ ሥላው የማታውቀው፣ የባሰ ቢጫ እንግዳ ነው። አንዱ ወጥቶ ሁሉም አንድ እርምጃ ተስበዋል። ከነጭ ወደ ቢጫ ያለው አወራረድ እንደ ድሮው ልስልስ ያለ ስለሆነ የሚታይ ነገር የለም። ብቻ ወደ ክፍሉ የገባ ድንጋይ ሁሉ ከሚገባው አንድ ደረጃ ነጥቶ ወጥቷል።

ከስምንት ወር በፊት የእህቷ ባል «ላሳጥባቸው» ብሎ ሳጥኑን ሁለት ቀን ወስዶት ነበር። በመዝገቧ ቆጠረች፤ ከዚያ ወዲህ መቶ አርባ ሦስት ወረቀት ፈርማለች። ከመዝገቡ ኋላ የወር ማረጋገጫ ቅጽ አለ፣ «አምስቱም በየቦታቸው መኖራቸው ከደብተሩ ጋር ተመሳክሯል» የሚል፣ ከጎኑ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ያለው። ስምንት ጊዜ ምልክት አድርጋበታለች። ደብተሩን ግን አንድ ጊዜም አልከፈተችም። አምስት ስለነበሩ አምስት ናቸው ብላ ነው።

ድንጋዮቹን ወደ ትክክለኛ ተራቸው መለሰች። እንግዳውን ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው፤ የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ሆነ። ከዚያ የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ ወደ ቤት ደወለች።

«እታለም፣ ጋሼ የቀለበቱን ድንጋይ ከየት እንዳመጣው ነግሮሻል?»

ከወዲያ መጥበሻ ይንጫጫ ነበር። «ከመደብሩ ነዋ። ከየት ያመጣዋል?»

«ከእኔ ሳጥን ነው።»

«ሳጥኑ ያንቺ ነው እንዴ?» አለች እህቷ፣ ያለ ክፋት፣ ጃንጥላው የማን እንደሆነ እንደምትጠይቅ ሁሉ።

ሌሎቹን ድንጋዮች የምትለካው በእሱ እንደሆነ፣ ያለ እሱ የጻፈችው ሁሉ እንደተዛባ፣ ሌላ ድንጋይ እንደሚገኝላት አስረዳቻት። እህቷ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። መጥበሻው ጸጥ አለ። «ሃያ ዓመት የአልማዝ ነጋዴ ሚስት ሆኜ ጣቴ ባዶ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ‹ለሥራ አይመቸኝም› እላለሁ። አንድ ቀን አንድ ነገር ሰጠኝ። እሱም ያንቺ ሆኖ ይገኝ?»

«የኔ ነው አልወጣኝም።»

«ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ቀያሹ የመጣው ከምሳ በፊት ነው። ቆዳው በፀሐይ የከሰለ፣ ጫማው ላይ ሁልጊዜ አንድ የጭቃ ነጥብ የማይጠፋበት፣ ስልሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ነው። ለሚስቱ ነው የሚገዛው፤ ሲያገባት ቃል ገብቶላት ሠላሳ ዓመት አሳልፏል። የሚገዛውን ነገር ሳያውቅ እንደማይገዛ በመጀመሪያው ቀን ተናግሯል። ወንበሩን ስቦ፣ እርሳሱ በክር የታሰረበትን ትንሽ ማስታወሻውን ከፈተ። «ይኸው፤ ክብደት፣ ንጣት፣ ጥራት፣ አቆራረጥ። የልጄን ስልክ ቁጥር እንኳ እንዲህ በቃሌ አልያዝኩትም። ክብደቱን ሚዛን ይነግረኛል። ጥራቱን በማጉያው አየሁት፤ ያቺ የጉንዳን እግር የምታክል ጉድፍ እንደሆነች ሚስቴ እኔንም ችላኛለች፣ እሷንም ትችላለች። አቆራረጡን ባለፈው አሳየሽኝ፣ ብርሃኑን ከሥር ካፈሰሰ ድንጋዩ የሞተ ነው። ዛሬ ንጣቱን ነው።»

ትናንት የፈረመችለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ «ንጣት፦ ሁለተኛ» ይላል። በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እሱ በአራት ወር የሚያገኘው ደሞዝ ነው። ድንጋዩን ወረቀቱ ላይ ደፋችለት፤ እንዴት ከጎን እንደሚታይ፣ ለምን ፊቱ እንደማይታይ፣ ለምን ከአምስት ድንጋይ በኋላ ዓይን ተጨፍኖ ማረፍ እንዳለበት አስረዳችው። ቀለበት ላይ የታሰረ ድንጋይ ንጣቱ በትክክል እንደማይታወቅ፣ ብረቱ ቀለሙን እንደሚያበድረው ነገረችው። እሱ እየጻፈ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ እርሳሱን አስቀመጠና ሳጥኑን አየ።

«እኛም ሥራ ላይ እንዲህ ነን» አለ። «መሬቱን ሁሉ የምንለካው ከአንድ የመነሻ ችንካር ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ከጎረቤት ተካሰሰ። የሁሉም ድንበር አንድ ሜትር ወደ ጎረቤቱ ገባ። ለካ አንዱ ግንበኛ ችንካሩን ነቅሎ፣ ሲጨርስ ‹እዚህ ገደማ ነበር› ብሎ መልሶ ተክሎታል።» ሳቀ።

«ከዚያ አረማችሁት?»

«የቆመ ቤት ይፈርሳል? ካርታውን ወደ ችንካሩ አመጣነዋ።» አሁንም እየሳቀ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለ። «እና እነዚህን ምስክሮችሽን ማን ያያቸዋል?»

«እኔ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እና? ይቺ ባዶዋ ምንድን ናት?»

ጥግ ላይ ያለው ካሜራ ያያል እንጂ አይሰማም። መናገር ትችላለች፤ ግን ከአፏ አልወጣላትም። ደብተሯን በሁለት እጇ ወደ እሱ ገፋችው፣ ማጉያዋንም ከአንገቷ አውልቃ ከላዩ አስቀመጠችለት። ቀያሹ እንደ ማንኛውም ጀማሪ አፉን ከፍቶ አየ፤ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ሥዕል። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጠዋት ከተነሳች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለል አላት። አንድ ሌላ ሰው አውቆታል። አሁን ጩኸት ይነሳል፣ ወረቀቶቹ ይጠራሉ፣ ፈቃዷም ምናልባት ይነጠቃል፤ ግን ነገሩ ከዚህ ክፍል ይወጣል።

«እና የእኔው ሦስተኛ ነዋ» አለ ቀና ብሎ።

«አዎ።»

«ስንት ሰው እንዲህ ገዛ?»

«መቶ አርባ ሦስት። ከእርስዎ ጋር።»

ቀያሹ ማጉያውን መልሶ አቀበላት። ከዚያ «ባለቤቱን ጥሪልኝ» አላት።

የእህቷ ባል ገብቶ ቆሞ ሰማ። ፊቱ አልተለወጠም። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ለቀያሹ ውኃ ማዘዝ ነው። «ስህተት ተፈጥሯል ጌታዬ፤ ሰው ባለበት ስህተት አለ። ለእርስዎ አሁኑኑ እናርመዋለን» አለ። ቀያሹ በሦስተኛው ዋጋ ይሁን አለ፤ የእህቷ ባል ተስማማ። ቀያሹ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ማሠሪያው በነፃ ይሁንልኝ አለ፤ የእህቷ ባል ሳቀና በዚያም ተስማማ። ሁለቱም ስለ ሚስቶቻቸው አንዳንድ ቀልድ ተለዋወጡ። «ሁለተኛ» የሚለው ተሰርዞ ከላዩ «ሦስተኛ» ተጻፈ፤ ወረቀቱ ወደ እሷ ተገፋ፣ ከስርዙ አጠገብ ፈረመች።

«ሌሎቹስ?» አለች። ማንን እንደጠየቀች ራሷም አላወቀችም።

ቀያሹ ማስታወሻውን ወደ ኪሱ እየከተተ ነበር። «እኔ እህቴ፣ ድንጋይ ልገዛ ነው የመጣሁት» አለ፣ ሳያያት። ከዚያ እንደመቆጨት ብሎ «አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ» አላት። በሩ ተከፈተለትና ወጣ።

የእህቷ ባል በሩን በእግሩ ደግፎ ቀረ። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን የታመመ ልጅ እንደሚያናግር አባት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓይኔ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው? ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚጠይቀው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስም ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ንጣት ምን አውቃለሁ? ስምንት ወር ‹ተመሳክሯል› እያልሽ ስትፈርሚ አመንኩሽ።» ሳጥኑን በአገጩ ጠቆመ። «አንድ እርምጃ ነው። ሰው በዓይኑ በማያየው ነገር ነው የምትጨነቂው።»

«አንደኛውን ይመልሱልኝ፤ ወይ ሌላ ይግዙልኝ ጋሼ።»

«ሌላ ከገዛሁ ለምን ገዛህ እባላለሁ፤ የድሮውስ የት ሄደ እባላለሁ። ያኛው ደግሞ የእህትሽ ሆኗል። እሷን ጠይቂ።» ጠይቃት እንደነበር ያወቀ ይመስል ትንሽ ፈገግ አለና እግሩን ከበሩ አነሳ።

ከሰዓት በኋላ ሻጯ አንዲት አሮጊት ይዛ ገባች፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። እጃቸው ትልቅ፣ ንጹህ፣ ጥፍሩ እስከ ሥሩ የተቆረጠ ነው። ያዋለዷቸው ሃያ እናቶች ተሰባስበው፣ ጡረታ የወጡ ዕለት የጆሮ ጌጥ ገዝተውላቸዋል፤ ከዚሁ መደብር፣ ከአምስት ወር በፊት። አንደኛው ጌጥ ላይ ያለው ድንጋይ ወልቆ ጠፍቶባቸዋል። «አልጋ ሥር በባትሪ ፈለግሁ፣ የመታጠቢያውን ቱቦ አስፈታሁ። ይኸው እንደ ባሕር ወንበዴ በአንድ ጆሮ ቀረሁ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። ከቦርሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የፊርማዋ ጅራት ከላስቲኩ ውጭ ይታያል። «ንጣት፦ አንደኛ» ይላል። «ዋጋው ቢወደድም ግድ የለም፣ ብቻ ልክ እንደዚህኛው ይሁን። የሰጡኝ ሰዎች ወረቀቱን አይተውታል፤ ሁለት ዓይነት አድርጌ ብመጣ ሌላኛውን ሸጣ በላች ይሉኛል።»

የቀረውን ድንጋይ ከማሠሪያው አወጣችው፣ በአልኮል አጠበችው፣ ወረቀቱ ላይ ደፋችው። ሁለተኛ ነው። ከካዝናው ከመጡት ድንጋዮች መካከል በክብደት የሚገጥሙ ሦስት ነበሩ። አንዱ እውነተኛ አንደኛ ነው፤ ከአሮጊቷ ድንጋይ ጎን ስታስቀምጠው በዚያ መብራት ሥር ልዩነቱ ለእሷ ዓይን ታየ፣ አንዱ ውኃ አንዱ የሰነበተ ውኃ። ሌላው በዛ ብሎ ቢጫ ነው። የመጨረሻውን ከአሮጊቷ ድንጋይ ጎን ስትደፋው ሁለቱን መለየት አቃታት። ቦታቸውን አቀያየረች፣ ዓይኗን ጨፍና አረፈች፣ እንደገና አየች። መንታ ናቸው።

አዲሱን ወረቀት ሳበችና በንጣቱ መስመር ላይ ቆመች። «ሁለተኛ» ብትል አሮጊቷ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዘው፣ ዛሬውኑ ወደ ሃያ እናቶች ይሄዳሉ። አሮጌውን ላርመው ብትል፣ አሮጌው ለምን እንደተሳሳተ መናገር አለባት፤ የነገረችው ሰው ደግሞ ማሠሪያውን በነፃ ወስዶ ሄዷል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ የታተመ መስመር አለ፦ «ይህ ደረጃ የተሰጠው አምስቱ ምስክሮች በየቦታቸው ባሉበት ነው።» ሳጥኑን አየችው። በትክክለኛው ተራ ከሆኑ የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ነው። ሙሉ የሚሆኑበት ተራ አንድ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ አልተገኘም እንዴ?» አሉ አዋላጇ።

«ተገኝቷል እማማ።»

«ልክ እንደዚያኛው ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«አይለዩም» አለች። እውነት ነበር።

አሮጊቷ «ተባረኪ፣ ዓይንሽን አያሳጣሽ» እያሉ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። እሷ ወረንጦዋን አነሳች። ሁለተኛውን አንስታ አንደኛው ቦታ ላይ አስቀመጠችው፤ ሦስተኛውን ሁለተኛው ቦታ ላይ። አራተኛውን፤ አምስተኛውን። በመጨረሻም ጨርቁ ላይ የነበረውን እንግዳ አንስታ፣ እንዳይገላበጥ በቀስታ፣ በባዶው ቦታ አስተኛችው። አምስት ሆኑ። አዲሱ ወረቀት ላይ «ንጣት፦ አንደኛ» ብላ ፈረመች፤ መዝገቧን ከፍታ መቶ አርባ አራት ብላ ጻፈች፤ ከሌሎቹ መቶ አርባ ሦስት ይህን የሚለየው እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር ነው።